ጎርፉ ሳይደርስ ቦዩን ማዘጋጀት

ስለ ደመወዝ አያያዝና ስለ ጓዳ ጥበቃ በሬዲዮ የተነገረ ንግግር



ዛሬ ላነጋግራችሁ ያሰብሁት ስለ ደመወዝና ስለ ጓዳ ነው። ነገሩ ተራ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን የመንግሥት ሠራተኛ በጠረጴዛው ላይ ሐሳቡን ሰብስቦ ለመሥራት የሚችለው፥ ወሩ እስኪሞላ ድረስ ቤተሰቡ የሚበላው መኖሩን ሲያውቅ ነው። ስለዚህ የጓዳ ጉዳይ የመሥሪያ ቤትም ጉዳይ ነው። ለንግግሬ የሚስማማውን ምሳሌ ያገኘሁት ከከተማ ሳይሆን ከገበሬ ዘንድ ስለ ሆነ፥ አስቀድሜ ወደ ራያ ቆላ ይዣችሁ እወርዳለሁ።

ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ መቀሌ የሚወስደውን አውራ ጎዳና የያዘ መንገደኛ፥ ወልዲያን አልፎ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን እንደ ተጓዘ ቆቦ ከተማን ያገኛል። በስተ ምዕራብ የግዳንና የላስታ ደጋ፥ በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራሮች ቆመዋል። በመካከላቸው የተዘረጋው ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከፍታው ወደ 1,500 ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፥ ማሽላና ጤፍ በብዛት ይዘራበታል። መሬቱ ለም ነው፤ ዝናቡ ግን የሚታመን አይደለም። አንዱን ዓመት ዘግይቶ ይገባል፤ ሌላውን ዓመት ማሽላው ፍሬ ሊይዝ ሲል ይቋረጣል።

የራያ ገበሬ ግን ሰማዩን ብቻ እያየ አይቀመጥም። በክረምት ወራት በደጋው ላይ ዝናብ ሲጥል፥ ጎሊናንና ሆርማትን የመሳሰሉት ወንዞች በድንገት ይሞላሉ። በሜዳው ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ ጎርፉ ከተራራው እየጮኸ ይደርሳል። ለጥቂት ሰዓታት ይወርድና ያልፋል፤ በማግሥቱ በወንዙ ውስጥ የሚታየው አሸዋና ድንጋይ ብቻ ነው። ገበሬው ይህን አላፊ ውሃ ከነደለሉ ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባዋል። መሬቱ አንድ ጊዜ ጠግቦ ከጠጣ፥ ዝናቡ ቢያጥር እንኳ ማሽላው በዚያ እርጥበት ብዙ ቀን ይቆያል።

ይህን ሥራ አስተውሎ የተመለከተ ሰው ሦስት ነገር ይማራል።

መጀመሪያ፥ ቦዩ የሚጠረገው ጎርፉ ከመምጣቱ በፊት ነው። ጎርፍ በሌሊት ሲደርስ አካፋ ልፈልግ፥ ጎረቤት ልጥራ የሚል ሰው ውሃው ሲያልፍ ከማየት በቀር የሚያገኘው ነገር የለም።

ሁለተኛ፥ ከቦዩ ራስጌ ያለው ማሳ ቀድሞ ይጠጣል፤ ከግርጌ ያለው የሚደርሰው የተረፈው ነው። ስለዚህ ገበሬዎቹ ተራ የሚያስከብር፥ ጠግቦ የጠጣው ማሳ እንዲዘጋ የሚያዝዝ የውሃ አባት ይመርጣሉ።

ሦስተኛ፥ ጎርፉን የሚመልሰው ግድብ በድንጋይ፥ በአሸዋና በቅርንጫፍ የሚሠራ ነው እንጂ የማይበገር ግንብ አይደለም። ከልክ ያለፈ ጎርፍ ሲመጣ ግድቡ ይናዳል፤ በመናዱም ቦዩንና ማሳውን ከጥፋት ያድናል። በኋላም ሰዎቹ ተሰብስበው መልሰው ይሠሩታል።

እንግዲህ አድማጮቼ ሆይ፥ የእኛ ደመወዝ ከዚህ ጎርፍ በምን ይለያል? በወር አንድ ቀን ይመጣል፤ ሲመጣም ብዙ ይመስላል። የቤት ኪራይ፥ የልጆች የትምህርት ክፍያ፥ የባለ ሱቁም የዱቤ መዝገብ ተከፍሎ ሲያበቃ፥ በአራተኛው ቀን የሚቀረው የወንዙ አሸዋ ነው። ከዚያ በኋላ «ገንዘቡ የት ሄደ?» ብለን እርስ በርሳችን እንጠያየቃለን። የራያ ገበሬ ግን «ውሃው የት ሄደ?» ብሎ አይጠይቅም፤ የሚሄድበትን ቦይ ራሱ ቆፍሮታልና።

ቦይ መቆፈር ማለት፥ ደመወዝ ከመድረሱ ሁለት ወይም ሦስት ቀን አስቀድሞ ባልና ሚስት አብረው ተቀምጠው ወጪያቸውን በወረቀት ላይ ማስፈር ነው። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በዚህ ነገር የምናፍርበት ምክንያት አለን። በመሥሪያ ቤታችን ንብረት ሲገባ በሞዴል 19፥ ሲወጣም በሞዴል 22 ካልተመዘገበ በቀር አንዲት እስክሪብቶ ከዕቃ ግምጃ ቤት አትንቀሳቀስም። በቤታችን ግን አንድ ኩንታል እህል ያለ ደረሰኝ ይገባል፥ ያለ ደረሰኝም ያልቃል። ስለዚህ አንድ ባለ ብዙ ገጽ ደብተር ግዙ። በግራው ገጽ የገባውን፥ በቀኙ ገጽ የወጣውን ጻፉ። ዘይትም፥ ሳሙናም፥ የታክሲም ሒሳብ ሳይቀር ይግባበት። ሦስት ወር ከጻፋችሁ በኋላ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ደብተሩ ራሱ ይነግራችኋል።

ቀጥሎ የራስጌንና የግርጌን ነገር አስቡ። ብዙ ሰው «ከወጪ የተረፈውን አስቀምጣለሁ» ይላል። ይህ ሰው ቁጠባውን ከቦዩ ግርጌ ያስቀመጠ ነው፤ ውሃው አይደርሰውም። ቁጠባ ከራስጌ ይሁን። ደመወዙ በገባበት ቀን፥ ከኪራይም ከዱቤም በፊት፥ ከአሥር አንድ እጅ ወይም አቅም ከሌለ ከሃያ አንድ እጅ ወደ ሌላ የባንክ ሒሳብ ይዛወር። ባንኮች ይህን በየወሩ በራሱ ጊዜ እንዲዛወር አድርጉልኝ ሲባሉ ያደርጋሉ። መጠኑ ማነሱ አያሳፍርም፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ተብሏልና።

ከዚህም ጋራ ግድቡ የሚናድበትን ስፍራ ተዉለት። ለቅሶ ይመጣል፥ ልጅ ይታመማል፥ ከገጠር ዘመድ ለሕክምና ይመጣና ሁለት ሳምንት ይቀመጣል። ይህን ሁሉ ሳያስብ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም የተደለደለ ዕቅድ በመጀመሪያው እንግዳ ይፈርሳል፤ ያወጣውም ሰው «ዕቅድ ለእኔ አይሆንም» ብሎ ደብተሩን ይጥላል። ስለዚህ ከወሩ ወጪ ውስጥ «ላልታሰበ» የሚል አንድ መስመር ይኑር። ያልታሰበው ነገር ሳይመጣ ቢቀር ገንዘቡ ለሚቀጥለው ወር ይሻገር። የዕድር መዋጮም በዚሁ ገጽ ላይ የማይዘለል ቦታ ይኑረው፤ ዕድር የሌለው ቤት ግድቡ ሲናድ መልሶ የሚሠራለት ሰው አይኖረውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፥ ወደ እህሉ ልምጣ።

በራያ ቆላ ማሽላ የሚሰበሰበው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። በዚያን ጊዜ ገበሬው ዕዳውንና ሌላውን ወጪውን ለመክፈል ወደ ገበያ ብዙ እህል ስለሚያወጣ ዋጋው ይወርዳል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ የአሮጌው እህል ማለቂያ፥ የአዲሱም ገና ቡቃያ ስለ ሆነ ዋጋው ይወጣል። ደመወዝተኛው ግን ዓመቱን ሙሉ በኪሎ ስለሚገዛ፥ የርካሹን ወራት ጥቅም ሳያገኝ የውድዱን ወራት ጉዳት ይቀበላል።

ነገሩ እንዲገባን አንድ ሒሳብ እንሥራ፤ ዋጋው ለምሳሌ ብቻ የተወሰደ ነው። በታኅሣሥ አንድ ኩንታል ማሽላ 4,000 ብር፥ በነሐሴ 5,000 ብር ነው እንበል። በወር 50 ኪሎ የሚፈጅ ቤት ለስድስት ወር 3 ኩንታል ያስፈልገዋል። በታኅሣሥ ቢገዛ 12,000 ብር፥ በነሐሴው ዋጋ ቢገዛ 15,000 ብር ያወጣል። ትርፉ 3,000 ብር ነው፤ ይኸውም ካወጣው ገንዘብ ሩብ እጅ መሆኑ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በደረሰበት ጊዜ ለቁጠባ የተወሰነው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ብቻ እንደ ነበር ስናስታውስ፥ በጎተራ ያለ እህልም አንድ ዓይነት ቁጠባ መሆኑን እንረዳለን።

«12,000 ብር በአንድ ጊዜ ከየት አመጣለሁ?» የሚል አድማጭ እንዳለ አውቃለሁ። መልሱ ከአባቶቻችን የተቀበልነው ዕቁብ ነው። 12 ባልደረቦች በወር አንድ አንድ ሺህ ብር ቢጥሉ፥ ዕጣ የሚወጣለት ሰው 12,000 ብር ይወስዳል። ዕጣችሁ በታኅሣሥ ካልወጣ በዚያ ወር የደረሰውን ሰው ለውጠኝ ብላችሁ ጠይቁ። ከታኅሣሥ በፊት ከወጣላችሁ ገንዘቡን በባንክ አቆዩት፤ በሰኔ ቢወጣላችሁ ግን እህል ለመግዛት አትቸኩሉ። ከዚህም ሌላ ሦስት ወይም አራት ቤተሰብ ተባብሮ በአንድ ጊዜ ቢገዛ የማጓጓዣውን ወጪ ይካፈላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ በላይ የሠራነው ሒሳብ አንድ ጠላት አለበት፤ እርሱም ነቀዝ ነው። ከሦስቱ ኩንታል ነቀዝ አንድ አምስተኛውን፥ ማለት 60 ኪሎውን ቢያጠፋ፥ የሚቀረው 240 ኪሎ በነሐሴው ዋጋ 12,000 ብር ብቻ ያወጣል። ልክ የገዛችሁበት ዋጋ ነው። የስምንት ወሩን ትርፍ ነቀዝ በላው ማለት ነው። ስለዚህ እህል ከመግዛት ይልቅ እህል መጠበቅ ይበልጣል።

የነቀዝን ጠባይ ያወቀ ሰው በቀላሉ አይታለልም። እንስቷ ነቀዝ የእህሉን ፍሬ ትበሳና እንቁላሏን በውስጡ ትጥላለች፤ ቀዳዳውንም መልሳ ትደፍነዋለች። ትሉ በፍሬው ውስጥ ሆኖ እየበላ ያድጋል። እንደ ቆቦ ባለ ሞቃት አገር ከአምስት ሳምንት ገደማ በኋላ ክንፍ አውጥቶ ይወጣል። አንዲት እንስት ከመቶ በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ስለዚህ በገበያ ላይ ንጹሕ መስሎ የታየን ማሽላ አዲስ አበባ ካደረስነው በኋላ ሲነቅዝ ብናይ፥ ነቀዙ የገባው በቤታችን ላይሆን ይችላል፤ ከገበያው አብሮን መጥቷል።

ጥበቃው የሚጀምረው ከማድረቅ ነው። እርጥበት ያለው እህል ይሻግታል፥ ነቀዝም ይወደዋል። መድረቁን ለማወቅ የሚከተለውን ቀላል ፈተና አድርጉ። ደረቅ ክዳን ያለው የብርጭቆ ዕቃ ውሰዱ። እህሉን እስከ ሲሶው ጨምሩ፤ ሁለት ወይም ሦስት ማንኪያ በደንብ የደረቀ ጨው ጨምሩበት። ክዳኑን ገጥማችሁ አንድ ደቂቃ ያህል ነቅንቁትና ሩብ ሰዓት አስቀምጡት። ጨው በዕቃው ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነውና መልሳችሁ በፀሐይ አስጡት። ካልተጣበቀ ለማስቀመጥ ደርሷል። ስታሰጡም ስስ አድርጋችሁ በንጹሕ ሸራ ላይ ዘርጉት፥ ደጋግማችሁም አገላብጡት፤ ከዚያ በኋላ በወንፊት ንፉት። ፀሐዩ ብዙውን የወጣ ነቀዝ ያባርራል፤ በፍሬው ውስጥ የተደበቀውን ግን ሁሉንም አያጠፋም።

የተደበቀውን የሚያጠፋው አየር ማሳጣት ነው። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት አለ። ሁለቱ የውስጥ ድርቦች አየር የማያሳልፉ ላስቲኮች ሲሆኑ፥ የውጪው ተራ ማዳበሪያ ነው። እህሉ ሞልቶ አየሩ ተጨቁኖ ከወጣ በኋላ፥ እያንዳንዱ ላስቲክ ለብቻው ተጠምዝዞና ታጥፎ በጥብቅ ይታሰራል። በውስጥ ያለው ነቀዝ የቀረችውን አየር ራሱ ተንፍሶ ይጨርሳትና መብላቱንም መራባቱንም ያቆማል። አንድም መርዝ አይጨመርበትም። ነገር ግን ከረጢቱን በየሳምንቱ የሚፈታ ሰው አየር መልሶ ያስገባለታል፤ ስለዚህ አንዱን ከረጢት ጨርሳችሁ ሌላውን ክፈቱ። ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በእንጨት ላይ አስቀምጡት፤ ከአይጥና ከሹል ነገርም ጠብቁት። ከረጢቱ ባይገኝ፥ ንጹሕና ደረቅ ጄሪካን ወይም በርሜል እስከ አፉ ሞልቶ በጥብቅ መክደን ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ማዳበሪያ የነበረበት ወይም ኬሚካል የያዘ ዕቃ ግን ፈጽሞ አይሁን።

ሌላም አባቶቻችንና እናቶቻችን የሚያውቁት ዘዴ አለ። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ ነቀዝ አይገባበትም። ጤፍ ከማሽላ ጋራ ተቀላቅሎ ሲቀመጥ በማሽላው ፍሬዎች መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላዋል፤ ነቀዙም የሚንቀሳቀስበት መንገድ ያጣል። እህሉ ሲፈለግ በወንፊት ይለያል። ጤፍና ማሽላ አብሮ ለሚገዛ ቤት ይህ ምንም ወጪ የሌለው ጥበቃ ነው።

አሁን የምናገረውን ግን ሥራችሁን ለጥቂት ደቂቃ አቁማችሁ እንድትሰሙኝ እለምናችኋለሁ።

በየገበያው «የነቀዝ ክኒን» እየተባለ፥ ብዙ ጊዜም ያለ ማሸጊያና ያለ ጽሑፍ፥ በፍሬ የሚሸጥ ነገር አለ። ስሙ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል። ይህ ክኒን በአየር ውስጥ ያለውን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ነቀዙን የሚገድለው ይህ ጋዝ ነው፤ ጋዙም ነቀዝን ከሰው አይለይም። በማዳበሪያው ቀዳዳ ይወጣል፥ በበር ሥር ያልፋል፥ በግድግዳ ስንጥቅም ይሾልካል። አንዳንድ ጊዜ እንደ ነጭ ሽንኩርት ወይም እንደ ተበላሸ ዓሣ ይሸታል፤ ነገር ግን ሽታው አለመሰማቱ ጋዙ አለመኖሩን አያሳይም።

የከተማ ቤት ጠባብ ነው። ጎተራ የለንም፤ ኩንታሉ የሚቀመጠው በአልጋ ሥር ወይም ልጆች በሚተኙበት ክፍል ጥግ ነው። ክኒን የተጨመረበት እህል በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ቢቀመጥና በሩ ተዘግቶ ቢታደር፥ ትርፍ ለማግኘት የተገዛው እህል የቤተሰቡን ሕይወት ሊወስድ ይችላል። ለዚህ መርዝ ማርከሻ መድኃኒት አልተገኘለትም። ስለዚህ ቃሌን አሳጥሬ እላለሁ፦ ሰው በሚተኛበት ቤት ይህ ክኒን አይግባ። ሥራው የሠለጠነ ባለሙያ በተለየ መጋዘን የሚሠራው ነው። ባለሦስት ድርቡ ከረጢት ሳለ ለቤት ክኒኑ አያስፈልግም።

እህል ስትገዙ «ክኒን ገብቶበታልን?» ብላችሁ ጠይቁ። ከእህሉ ውስጥ ግራጫ ዱቄት ወይም የክኒን ስባሪ ብታገኙ ወደ ቤት አታስገቡት፤ ውሃም አታርከፍክፉበት፥ እርጥበት ጋዙን ያበዛዋልና። እህል ባለበት ቤት ውስጥ ከአንድ ሰው በላይ በአንድነት ራስ ምታት፥ ማቅለሽለሽ፥ ማስመለስ፥ የደረት መጨነቅ ወይም የትንፋሽ ማጠር ቢሰማው፥ የምግብ መመረዝ ነው ብላችሁ አትቀመጡ። ሁሉም ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ ሳትዘገዩም ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ። ለሐኪሙም የነቀዝ ክኒን በቤት እንደ ነበር ንገሩት። የሐኪሙ እርዳታ በጊዜ ከተገኘ ሕይወት ሊያድን ይችላል።

ከዚህ ቀጥዬ ስለ ገንዘብ ማስቀመጫ ጥቂት ልናገር፤ ለዚህም ወደ ቆቦ ሜዳ እንመለስ። ከጎርፉ የተወሰነው ውሃ ወደ ምድር ሰርጎ ይጠራቀማል። በቆቦና በጊራና ሸለቆ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው ይህ የከርሰ ምድር ውሃ በሞተር እየተሳበ ለመስኖ ውሏል። በባንክ ያለ ቁጠባ እንደዚህ የተሰወረ ውሃ ነው፤ ከሌባም ከእሳትም የተጠበቀ ነው። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ሞተር ያለ ኤሌክትሪክ አይስብም።

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ወደ ራያና ወደ ሰሜን ወሎ በተዛመተ ጊዜ፥ ባንኩም፥ ስልኩም፥ መብራቱም በአንድነት ተቋረጠ። ደመወዝተኛው በባንክ ገንዘብ እያለው እጁ ባዶ ሆነ። በዚያን ጊዜ ቤተሰብን ያቆየው በጓዳ የተገኘ እህልና የጎረቤት ደግነት ነው። ከዚህ የምንማረው ባንክን መጥላት አይደለም፤ ሀብትን በአንድ ቦይ ብቻ አለማፍሰስ ነው። ዋናው ገንዘብ በባንክ ይቀመጥ፤ የሁለት ሳምንት የምግብ ወጪ የሚሸፍን ጥሬ ገንዘብ በቤት ይኑር፤ የጥቂት ወር እህልም በጓዳ ይኑር። ከዚህም ጋራ አንድ ወይም ሁለት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ውሃ ሁልጊዜ ሞልቶ ይቀመጥ፥ በየሳምንቱም ይለወጥ። ውሃው ካጠራጠረ ይፈላ፤ ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ተጨምሮበት ግማሽ ሰዓት ይቆይ።

ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ሥራ ላይ ካዋለ ወዲህ ገንዘብ በእጅ ስልክ መላክ የዕለት ተግባር ሆኗል። ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ከቆቦ ያለ ሠራተኛ በአዲስ አበባ ላለ ልጁ በደቂቃ ይልካል። ነገር ግን የምሥጢር ቁጥራችሁ የጓዳችሁ ቁልፍ ነው። «ሽልማት ደርሶዎታል፤ በመልእክት የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» የሚል ሰው ቢደውል፥ ቋንቋው ጨዋ ቢሆንም ሌባ ነው፤ ስልኩን ዝጉት። የልደት ዓመታችሁን የምሥጢር ቁጥር አታድርጉ። ገንዘብ ስትልኩም ከማረጋገጣችሁ በፊት በስልኩ ላይ የሚወጣውን የተቀባዩን ስም ጮክ ብላችሁ አንብቡ።

በመጨረሻ፥ እንደ ጎርፍ የሚያልፍ ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም ጊዜ ነው። በራያ ማሽላ ላይ የሚበረታ አቀንጭራ የሚባል አረም አለ። ሥሩን በማሽላው ሥር ላይ ተክሎ ምግቡን ይመጠምጠዋል። ይህን አረም የሚቋቋም የማሽላ ዘር በማግኘታቸው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ጎቢዬና አብሽር የተባሉት አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች የዚሁ ምርምር ፍሬ ናቸው። እኒህ ሰው በወሎንኮሚ አጠገብ በገጠር የተወለዱ ሲሆን፥ በልጅነታቸው ለመማር 20 ኪሎ ሜትር በእግራቸው እየሄዱ ሳምንቱን በትምህርት ቤቱ አካባቢ ሰንብተው ዓርብ ይመለሱ ነበር። ለእኛ ከመሥሪያ ቤት ስንወጣ ማታ አንድ ሰዓት ማንበብ፥ ሒሳብ አያያዝን ወይም አንድ አዲስ ሙያ መማር ይህን ያህል ሩቅ መንገድ አይደለም። ከራስጌ ያስቀመጣችሁት ሰዓት ይደርሳችኋል፤ ከሁሉ ሥራ በኋላ ላንብብ ያላችሁት ግን በእንቅልፍ ይወሰዳል።

አድማጮቼ ሆይ፥ ብዙ ምክር በአንድ ጊዜ መስማት እንደ ድንገተኛ ጎርፍ አልፎ መሄድ ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር ብቻ አድርጉ። ዛሬ ማታ በመኝታ ክፍላችሁ ያለውን እህል መርምሩ፤ ክኒን የገባበት መሆኑን ካወቃችሁ ቤተሰቡ በዚያ ቤት አይደር፤ እህሉንም ራሳችሁ ሳትነኩት ለቅርብ የግብርና ባለሙያ አስታውቁ። ነገ ከዕቁብ ባልደረቦቻችሁ ጋራ ስለ ታኅሣሡ ዕጣ ተነጋገሩ። ደመወዝ ከመድረሱም ሁለት ቀን አስቀድማችሁ ከትዳር ጓደኛችሁ ጋራ ደብተሩን ክፈቱ።

ጎርፉ መምጣቱ አይቀርም፤ በማግሥቱ ማሳችሁ እርጥብ ሆኖ እንዲገኝ እመኛለሁ። እስክንገናኝ ድረስ ደኅና ሰንብቱ።